ስግደት ከመውደቅ ሲለይ

ማሽን ሰው ሲወድቅ እንዲያውቅ ለማስተማር አስቀድሞ የሚወድቅ ሰው ያስፈልጋል። በእኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁላችንም ተራ በተራ እንወድቅ ነበር፤ ከሁሉም የተዋጣላት ወዳቂ ግን እኔ ነበርኩ። በጎኔ እወድቃለሁ፣ በጀርባዬ እወድቃለሁ፣ ከወንበር ተንሸራትቼ እወድቃለሁ። ፕሮፌሰሬ ከስፖርት ፍራሹ ዳር ቆሞ "አሁን ደግሞ ራሱን እንደሳተ ሰው" ይለኛል፤ እኔም እጥፍ ብዬ እዘረጋለሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ "ዛሬ ምን ስትማሪ ዋልሽ?" ስትለኝ "ኮምፒውተር ነዋ" ብዬ አልፈው ነበር። ልጄ ኖርዌይ ድረስ ሄዳ ስትወድቅ ትውላለች ብላ ለጎረቤት እንድታወራ አልፈለግኩም።

ጊዜው በፈረንጆቹ ከሁለት ሺህ አስር ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነበር። የክብሪት ሣጥን የምታክል መለኪያ ቀበቶ ላይ እናስራለን፤ ቀበቶውን ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ይታጠቁታል፤ ሲወድቁ መለኪያው ራሱ የኮሙኑን፣ ማለትም የአካባቢውን አስተዳደር፣ የቤት ለቤት ተንከባካቢዎች በስልክ ይጠራል። ሐሳቡ ይኸው ነው። አስቸጋሪው ነገር መለኪያው መውደቅን ከመቀመጥ፣ ከመተኛትና ጫማ ለማሰር ከመጎንበስ እንዲለይ ማድረግ ነበር። ይህን ደግሞ በትርጉም አናስተምረውም። ሕፃን ልጅ ውሻን የሚያውቀው ውሻ ምን እንደሆነ ተተርጉሞለት አይደለም፤ ደጋግሞ ውሻ አይቶ ነው። እኛም ለማሽኑ ብዙ መውደቅ፣ ብዙ መቀመጥ፣ ብዙ መራመድ እናሳየዋለን፤ የቀረውን ራሱ ይደርስበታል።

በዚያን ጊዜ ሆልምሊያ ውስጥ አንድ አፓርታማ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ተጋርቼ እኖር ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን ነው የምንቆመው። እሷ አልና ሰፈር ውስጥ የቤት ለቤት ተንከባካቢ ነበረች፤ ከቤት ቤት እየዞረች መድኃኒት ትሰጣለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ስትመለስ ደግሞ እኔን ትተቻለች። አንድ ማታ እራት ላይ "ሙከራችሁ ውስጥ ያሉት አረጋውያን ሁሉ ኖርዌጂያኖች ናቸው። እኛ አናረጅም እንዴ?" አለችኝ። የምትለው እውነት ስለነበር ተናደድኩባት። በሳምንቱ፣ አስቀድማ ፈቃዳቸውን ጠይቃ፣ ሃውገሩድ የሚኖሩ አንዲት ኤርትራዊት እናት ጋ ወሰደችኝ።

ሁላችንም "አደይ" ነው የምንላቸው፤ በትግርኛ እናቴ እንደማለት ነው። ረጅም ዘመን ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው በየአገሩ የተበተኑባቸው ሴት ናቸው። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ቀበቶውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

"ይሄ ምን ይሠራል?"

"ከወደቁ ሰው ይጠራል።"

"ካልወደቅኩስ?"

"ዝም ይላል።"

"እንዲያ ከሆነ እንግባባለን" አሉና ታጠቁት። ከመታጠቢያ ቤት በቀር እንዳያወልቁት ነገርኳቸው፤ ቃል ገቡልኝ። ከዚያ የት ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድ ጠየቁኝ። ስነግራቸው "አሃ፣ ጴንጤ ነሽ" ብለው፣ ለታመመ ሰው እንደሚደረገው ሻዬ ላይ ስኳር ጨመሩልኝ።

ለጥቂት ሳምንታት ቀበቶው ዝም አለ። አደይ በረዶው ላይ እንደ ድመት ነበር የሚራመዱት። ከዚያ የጾሙ ወራት ገባና ቀበቶው ማለዳ ማለዳ መጮኽ ጀመረ። አንድ ቀን አይደለም፣ በየቀኑ። ተረኛ የነበረው ኖርዌጂያን ወጣት ቁልፉን ይዞ እየሮጠ ይደርሳል፤ አደይ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ትንሽ አልቧቸው፣ በእግራቸው ቆመው ይጠብቁታል። ወድቀው እንደሆነ ሲጠይቃቸው "ያ፣ ያ፣ ብራ" ብለው በሩ ድረስ ይሸኙታል። ደህና ነኝ ማለታቸው ነው፤ ስለ መውደቅ ግን ትንፍሽ አይሉም። ኮሙኑ ውስጥ ጉዳያቸውን የያዘችው ሴት ይህን ሁሉ ስትሰማ ያሰበችው እኔም ብሆን የማስበውን ነው፦ እኚህ ሴት ጠዋት ጠዋት ይወድቃሉ፣ ግን አፍረው ይደብቃሉ። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ተጠራ። የስብሰባው ጉዳይ አደይ ቤታቸውን ለቀው ሲከየም፣ ማለትም የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚል ነበር።

ጓደኛዬ ወሬውን ይዛ ስትመጣ ጃኬቷን እንኳ አላወለቀችም። "ማሽንሽ ሴትዮዋን ከቤታቸው ሊያስወጣቸው ነው" አለችኝ።

እኔ ስናደድ መተኛት አልችልም፣ መብላት ግን እችላለሁ። ያደረችውን ፓስታ ሳህኑ ድረስ ጨርሼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩና የአደይን ጠዋቶች አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። መለኪያው የላከው ነገር በስክሪኑ ላይ ሞገድ ሆኖ ይታያል። የእኔን አወዳደቅ አውቀዋለሁ፣ የባልደረቦቼን አወዳደቅ አውቀዋለሁ፤ ይሄ ግን ሌላ ነው። ወደ ታች ይወርዳል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ይነሳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይወርዳል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ሁሌም እኩል ነው። በምት የሚወድቅ ሰው ደግሞ በዓለም ላይ የለም።

ሳላስበው ሞገዱን እየተከተልኩ በጣቴ ጠረጴዛውን መምታት ጀመርኩ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዝም። ዱብ፣ ዱብ፣ ዝም። ከዓይኔ በፊት ጆሮዬ አወቀው። ልጅ ሳለሁ ከመኝታዬ ግድግዳ ማዶ የሚኖሩ ጎረቤታችን በጾም ማለዳ ማለዳ ይሰግዱ ነበር፤ መጀመሪያ ጉልበታቸው፣ ከዚያ እጃቸው። ያ ድምፅ የልጅነቴ የማንቂያ ደወል ነበር። አደይ አይወድቁም። አደይ ይሰግዳሉ።

በማግስቱ እየበረርኩ ሃውገሩድ ሄድኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ በአንድ ቃል የሚያበቃ ነገር መስሎኝ ነበር። ገና ሳልቀመጥ "አደይ፣ ለካ እየሰገዱ ነው" አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። "ማን ነገረሽ?"

"ቀበቶው።"

ወገባቸው ላይ ያለውን ሣጥን፣ ጉድ እንዳወጣባቸው ጎረቤት ገልመጥ አደረጉት። ከዚያ አስቀመጡኝና እንደማያውቅ ልጅ አስረዱኝ። ስግደት በሰው ጆሮ የገባ ቀን ለሰው ሆነ ማለት ነው፤ ሰው "ጎበዝ" ካለሽ ዋጋሽን እዚያው ተቀበልሽ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ እንኳ ቀድመዋቸው እየተነሱ፣ በር ዘግተው ነው የሰገዱት። ስንት እንደሚሰግዱ ከፈጣሪያቸውና ከራሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ግን ቆጥሬ ነበር። ሻዬ ውስጥ አቀረቀርኩ።

"ለኮሙኑ እንንገራቸውና ይለቅ" አልኩ።

"አትነግሪም።"

"አደይ፣ ከቤትዎ ያስወጡዎታል እኮ።"

"ያስወጡኝ።" ቆይተው ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አፋተጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እፈራለሁ፣ ጓለይ" አሉኝ። በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። "እዚያ በር አይዘጋም። ጠዋት ሰው ገብቶ ነው የሚያለብስሽ። አብራኝ ቢሮ ስታጸዳ የነበረችውን ሄጄ ጠይቄያታለሁ፤ ክፍሏ ንጹሕ ነው፣ ምግቡም ደህና ነው፣ ሰዎቹም ደጎች ናቸው። ግን ብቻዋን የምትሆንበት አንዲት ሰዓት የላትም። እኔ የት ልሰግድ ነው?"

"እና ልንገራቸው ነዋ።"

"ቃልሽን ስጪኝ። ጴንጤ አትምልም አሉ፤ ቃል ግን ትጠብቃለች ይባላል።"

ቃሌን ሰጠሁ። ወደ ቤት ስመለስ ባቡር ውስጥ በሁሉም ተናድጄ ነበር፤ በአደይ፣ በኮሙኑ፣ ከሁሉ በላይ ግን የሚሰግድን ሰው ካልወደቀ አላየውም በሚለው በገዛ ማሽኔ። ለሰው መናገር ካልተቻለኝ፣ የቀረኝ ማሽኑን ማስተማር ነበር።

ፕሮፌሰሬን ማሳመን ከባድ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ቀልድ የሚገባው ሰውዬ ነው። ስለ አደይ አንዳች ሳልናገር "አንድ ሰው በፈቃዱ ወደ ወለል ሲወርድ ማሽናችን አያውቅም" አልኩት።

"አረጋዊ ሰው በፈቃዱ ወለል ላይ ምን ያደርጋል?"

"በዓለም ላይ በየቀኑ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ወደ ወለል ይወርዳል፤ ይጸልያል፣ ይቀመጣል፣ ይበላል። ማሽናችን ያየው ግን ኖርዌጂያኖችን ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ ወለል ላይ የምትገኙት ስትወድቁ ብቻ ነው።"

ትንሽ አሰበና ሳቀ። "እውነት ነው" አለ። "ወለል የምንወደው እንጨቱን ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ሙከራችን የሃይማኖቶች ጉባኤ መሰለ። ከመዘምራኖቻችን ግማሾቹ መጥተው ተንበረከኩ፤ አንዷ ተንበርክካ በዚያው ጸሎት ጀመረችና ቀረጻው እስክትጨርስ መጠበቅ ነበረበት። ትቬይታ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሁሌ አንድ ወንበር ላይ የማይጠፉ፣ ሙስሊም የሆኑ ኤርትራዊ ጡረተኛ ነበሩ፤ ጓደኛዬ ታውቃቸዋለች። ሱጁዳቸውን እንድንቀርጽ ስንጠይቃቸው ያነሱት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ወለሉ ንጹሕ ነው ወይ አሉ። ፍራሹን አጥበን አነጠፍንላቸው። የኦርቶዶክስ ልጆች ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች መካከል አገኘሁ፤ እነሱ አስተማሩኝና እኔም ሰገድኩ። አሰጋገዴ ግን የሚያሳፍር ነው ብለው በቀረጻው ውስጥ እንዳልገባ ከለከሉኝ። ፕሮፌሰሬ ሳይቀር በታመመ ጉልበቱ ወርዶ በሁለት ሰው ተደግፎ ተነሳ፤ "ይህን ምን ብለን እንመዝግበው?" ብሎ ጠየቀን።

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኝ ነበር። ማሽኑ ስግደትን ዝም ብሎ እንዲያልፍ ካስተማርኩት፣ አደይ አንድ ቀን እየሰገዱ በእውነት ቢወድቁስ? በእኔ ትምህርት ምክንያት ዝም ቢልስ? ስለዚህ ስግደት መካከል መውደቅንም አስተማርነው። እየወረድን በጎን ተደፋን፣ ወርደን ሳንነሳ ቀረን፣ ለመነሳት ስንሞክር ተመልሰን ወደቅን። ልዩነቱን ማሽኑ አገኘው፣ እኔም ከእሱ ተማርኩ። የሚሰግድ ሰው መሬቱ አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የሚወድቅ ሰው አይቀንስም።

በመሐል የኖርዌጂያኖቹ ፋሲካ ደረሰ። ያን ጊዜ ኦስሎ ባዶዋን ትቀራለች፤ ሰው ሁሉ ብርቱካንና ቸኮሌት ጭኖ ተራራ ላይ ወዳለው ሂተው፣ ወደ ገጠር ቤቱ፣ ይሄዳል። ፕሮፌሰሬም ቦርሳውን እያዘጋጀ "ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ በእውነተኛ ሰው ላይ እንሞክረዋለን" አለኝ። አይሆንም አልኩት። የእኛ ፋሲካ ከእነሱ ሳምንት በኋላ ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ደግሞ ስግደት የለም። ሰሞነ ሕማማት ካመለጠኝ ለስብሰባው የማቀርበው አንዳች ነገር አይኖረኝም። ምክንያቱን መናገር ስለማልችል በቁጣ ብቻ ተከራከርኩት። ይገባው አይግባው አላውቅም፤ አዲሱን ፕሮግራም ቀበቶው ላይ ጫኚው ብሎ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ሰጥቶኝ ሄደ።

ስቅለት ዕለት አደይ ቀበቶውን ታጥቀው ቤተ ክርስቲያን ዋሉ። በዚያ ቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ጓደኛዬ ተረኛ በሆነችበት የተንከባካቢዎቹ ክፍል ውስጥ ከስልኩ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ጠዋቱ አለፈ። ቀትር ሆነ። ስልኩ ዝም። ጓደኛዬ ደስ ብሏት ሳንድዊች ልታጎርሰኝ ስትሞክር፣ እኔ ደግሞ አዲስ ጭንቀት ያዘኝ። ዝም ያለው ስላወቀ ነው ወይስ ስለተበላሸ? ያወቀ ማሽንና የሞተ ማሽን ዝምታቸው አንድ ነው።

ለሙከራ ብዬ የያዝኩት ሌላ ቀበቶ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ያው ፕሮግራም ተጭኖበታል። ታጠቅኩት። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ በመጀመሪያ ልጆቹ እንዳስተማሩኝ ሰገድኩ። ስልኩ ዝም። ተነሳሁና እንደገና ወረድኩ፤ አሁን ግን መሐል ላይ ስደርስ ራሴን ለቀቅኩት። እዚያ ፍራሽ የለም። ክርኔ ቀድሞ አረፈ፣ የሆነ ነገር ከመደርደሪያው ላይ ተንኮታኮተ፣ ስልኩም ጮኸ። ጓደኛዬ በሩ ላይ ብቅ ብላ "ደህና ነሽ?" አለችኝ። ወለሉ ላይ እንደተዘረጋሁ በሕይወቴ እንዲህ ደህና ሆኜ እንደማላውቅ ነገርኳት።

የስብሰባው ቀን አደይ ጥሩ ካፖርታቸውን ለብሰው መጡ። የኮሙኑ ሴት ትሑትና ጠንቃቃ ነበረች፤ ክፉ ሰው ብትሆን ይቀለኝ ነበር። የጾሙ ወራት ጥሪዎች መውደቅ እንዳልነበሩ፣ ስህተቱ የማሽኑ እንደሆነ፣ አሁንም እንደታረመ አስረዳኋት። ይህንንም ስቅለትን ሳልጠቅስ፣ የክርኔን ቁስል ብቻ እያሳየሁ ነው።

"መውደቅ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነበር?" አለችኝ።

የፈራሁት ጥያቄ ነበር። አደይ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ግን አጥንቼው መጥቻለሁ። "በሙከራችን የተሳተፈ ሰው ቤቱ ውስጥ የሚያደርገውን የመናገር መብት የለኝም። ታውስሄትስፕሊክት አለብኝ" አልኳት። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ማለት ነው። ኖርዌይ ውስጥ ይህ ቃል ያለው ክብደት ሌላ ነው፤ ሴትዮዋ ወዲያው ራሷን ነቀነቀችና ጥያቄዋን እንደሰረዘች ተናገረች። እንዲያውም ስለጠየቀች ይቅርታ ጠየቀችኝ። አደይ ይህን ስተረጉምላቸው ኮሙኑን በአዲስ ዓይን አዩት።

"አንድ ነገር ብቻ ልይ" አለች ሴትዮዋ። "አንድ ቀን ቢወድቁ፣ ያለ ሰው እርዳታ ከወለል መነሳት ይችላሉ? ሊያሳዩኝ ይችላሉ?"

ነገርኳቸው። አደይ ወደ እኔ ዘንበል ብለው "ይቺ ሴት በሃምሳ ልታሰግደኝ ነው?" አሉኝ። ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነከስኩ። "መቀመጥ ብቻ ነው አደይ፤ መቀመጥ አልተከለከለም" አልኳቸው። አሰቡበት። ከዚያ ካፖርታቸውን ሰብስበው ምንጣፉ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ አንዴ ተነፈሱና ጠረጴዛም ሳይነኩ፣ ወንበርም ሳይዙ፣ ሽቅብ ብድግ አሉ። ሴትዮዋ ፋይሉን ዘጋችው። "እኔ ራሴ ይህን አልችልም። እቤትዎ ይኑሩ" አለች።

ውጭ ስንወጣ አደይ ክንዴን ያዙኝ። አላመሰገኑኝም፤ ጣቢያው ድረስ ግን ክንዴን አልለቀቁኝም።

ፕሮፌሰሬ ከሂተው ፀሐይ አቃጥሎት፣ በደስታ ተሞልቶ ተመለሰ። በአዲሱ መረጃ የሚገርም ጥናት መጻፍ እንደምንችል ነገረኝ። ጻፍነውም፤ በቤተ ሙከራው ቀረጻ ብቻ ግን። ከአደይ ቤት የመጣውን ጠዋት ሁሉ አጠፋሁት። ከዚያም ቀጥዬ ፕሮግራሙን ለወጥኩት፦ ቀበቶው አንድ ሰው በፈቃዱ ወደ ወለል መውረዱን ሲያውቅ አይልክም፣ አይቆጥርም፣ አያስቀምጥም፤ አይቶ ይረሳል። ፕሮፌሰሬ "ከሁሉ የተሻለውን መረጃ እየጣልሽ ነው" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ሊከራከረኝ ከጀመረ በኋላ ፊቴን አይቶ ተወው።

ሃምሳው ካለፈ በኋላ፣ ኦስሎ ሙሉ ለሙሉ በጋ ሆና፣ አንድ ቅዳሜ አደይን ልጠይቅ ሄድኩ። ስልኩ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልጮኸም። ሻይ ቀዱልኝ፣ ስኳሩን አሁንም አበዙት፤ ከዚያም በተንኮል ዓይን አዩኝ።

"ዛሬ ጠዋት ስንት ሰገድኩ?"

"አላውቅም፣ አደይ።"

"ማሽንሽስ?"

"እሱም አያውቅም። መስገድዎንም አያውቅም።"

ጥቂት ጊዜ ትክ ብለው ተመለከቱኝ፤ የማታልላቸው እንደሆነ ሲመረምሩ ማለት ነው። አላገኙብኝም። ፊታቸው ሁሉ በፈገግታ ተፈታ።

"አሁን ገና ተማርሽ" አሉኝ።